«ሙያሽ ምንድን ነው?» ግጥም፣ ካሜራና መድረክ በመሀል አዲስ አበባ

ፎርሙ ላይ «ሙያ» ከሚለው ቃል ፊት ያለችው መስመር አጭር ናት። ከአንድ ቃል በላይ አትይዝም። አንዲት ወዳጄ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልታስፈጽም ሄዳ ያቺን መስመር ስትሞላ አብሬያት ነበርኩ። እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ አሰበችና «አርቲስት» ብላ ጻፈች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ አነበበና ቀና አለ። «ትዘፍኛለሽ?» አላት። አልዘፍንም አለችው። «እሺ ፊልም ትሠሪያለሽ?» አሁንም አይደለም። ግጥም እንደምትጽፍ፣ ፎቶ እንደምታነሳ፣ ሁለቱን ይዛ መድረክ ላይ እንደምትወጣ አስረዳችው። ልጁ ክፉ አልነበረም። ግራ ነው የገባው። «እና የቱን ልመዝግበው?» አለ።

ይህ ጥያቄ ከእሷ ጋር ዓመታት ኖሯል። ግጥሟን የሚወዱ ሰዎች «ካሜራውን ተዪውና በግጥሙ ግፊበት» ይሏታል። ፎቶዋን የሚወዱ ግጥሙን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያዩታል። ቤተሰብ ደግሞ «ልጄ፣ አንዱን ያዢ» ይላል። ሁሉም አስቦላት ነው። እኔ ግን እንደማየው ሦስቱ አንድ ሙያ ናቸው። ይህን ሙያ የሚያቆመው ችሎታ ብቻ አይደለም። በመሀል ከተማው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። እነዚያ ክፍሎች ደግሞ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በእኛ አነጋገር አርቲስት ማለት ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ነው። የሚሥለውን ሠዓሊ፣ የሚጽፈውን ገጣሚ ወይም ደራሲ እንለዋለን። ካሜራ የያዘው ፎቶ አንሺ ነው። ይህ ስም ደግሞ ሰርግ ቤት ያስገባዋል እንጂ ጋለሪ አያደርሰውም። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ሲመጣ ቃል ያጥረናል። «ሁለገብ» እንላለን። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ «ሁሉን የሚነካካ» ከሚል ጥርጣሬ ጋር ነው የሚመጣው።

ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪውን ውሰዱ። ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ ይዘፍናል፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ በአንድ ስንኝ ከፍ ያደርገዋል ወይም ይወጋዋል። የቤተ ክህነቱን ሊቅ ውሰዱ። ቅኔ ይቀኛል፣ ዜማ ያዜማል፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ያሸበሽባል። ከደብተራዎቹ መካከል ብራና ፍቆ የሚጽፍ፣ ጠልሰም የሚሥልም ነበር። የቱ ነህ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርቱን ይዞ ነው አዲስ አበባ የመጣው። እዚህ ገጣሚም፣ ጸሐፌ ተውኔትም፣ የመዝሙር ደራሲም፣ አስተማሪም ሆነ። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ደግሞ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማረ፤ ረቂቅ ሥዕልን ለአዲስ አበባ ተመልካች ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ነው። በዚያው እጁ ግጥም ይጽፍ ነበር። ዛሬ ሥዕሉን አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም በቃሉ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው የግጥም መድብሉ ለአንባቢ የደረሰው ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው ማዕከል ስገባ ሁልጊዜ ይህ ይታሰበኛል። ሥዕሉ ግድግዳ አገኘ። ግጥሙ መጽሐፍ እስኪሆን ግን ብዙ ጠበቀ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ሦስቱ እንዴት እንደሚመጋገቡ በቅርብ ካላየነው ክርክሩ ባዶ ይሆናል።

የአማርኛ ግጥም ልኬት አለው። የወል ቤት የምንለው በአንድ መስመር 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ምት፣ ይይዛል። ስድስት ብሎ ያርፋል፣ ከዚያ ስድስት ይደግማል። ሰንጎ መገን አምስት ባምስት ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ቤት የሚባለው ስምንት በስምንት ይረዝማል። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያወጣ ከእነዚህ ልኬቶች ወጣ ብሎ ነበርና ብዙ አከራከረ። መሀል ላይ ያለችው ዕረፍት ወረቀት ላይ እምብዛም አትታይም። ሰው ፊት ቆሞ ሲነበብ ግን ትንፋሽ ትሆናለች። ከኋላ ባንድ ካለ ድራመሩ በእሷ ነው የሚገባው።

ይህን በደንብ ያሳየን «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» ነው። በወር አንዴ፣ ለዓመታት በራስ ሆቴል አዳራሽ፣ ገጣሚ ከጃዝ ሙዚቀኞች ጋር አብሮ ይቆም ነበር። ከጀመሩት አንዷ ምህረት ከበደ ናት። ሥዕል የተማረች፣ ግጥም የምትጽፍ፣ ክዋኔ፣ ማለትም ሰው ፊት የሚቀርብ የመድረክ ሥራ፣ የምትሠራ ናት፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የነበረውን ነጻ የአርት መንደርም ከመሠረቱት አንዷ ናት። እሷና እነ ምስራቅ ተረፈ ያንን መድረክ ሲጀምሩ ግጥም ለመስማት መግቢያ ከፍሎ የሚሰለፍ ሕዝብ ይኖራል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። ሕዝቡ መጣ። ወንበር ጠፍቶ በቁሙ የሚያዳምጥ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ «ግጥም አይሸጥም» የሚለው ወሬ እኔ ዘንድ ቦታ የለውም።

ወዳጄ ከዚያ አዳራሽ የወጣች ተመልካች ናት። ፒያሳ ስትፈርስ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ እሷ በሮችን ስታነሳ ነበር። ሰውም ሕንፃም አይደለም፤ በር ብቻ። ቀለሙ የተላጠ የእንጨት በር፣ የቁጥር ቆርቆሮ የተመታበት በር፣ ቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ በእጅ ብዛት የጠቆረ በር። ፎቶዎቹን አሳጥባ ለወራት ምንም አላደረገችባቸውም። አንድ ቀን ጠራችኝና ይቺን አነበበችልኝ፦

ቤት አልመታ አለኝ፣ ቤቱ ፈርሶብኛል፤
የገጠምኩበት በር ማገዶ ሆኖኛል።

የወል ቤት ነው፤ ስድስት በስድስት። «ቤት መምታት» የግጥም ነው፤ ቤቱ ግን የእናቷ አክስት የኖሩበት ቤት ነው። «የገጠምኩበት» ሲባል ግጥም የጻፍኩበትም ነው፣ በሩን በልኩ የገጠምኩበትም ነው። ሰሙንም ወርቁንም ፎቶው አመጣው። በሩን ባታነሳው ኖሮ ስንኙ አይመጣም ነበር።

ከዚያ መድረክ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የልብስ ገመድ ወጠረች። ፎቶዎቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። አንድ ስንኝ ታነባለች፣ አንድ ፎቶ ታወርዳለች፣ ያወረደችውን ፊት ለፊቷ ለተቀመጠ ሰው ትሰጣለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጨረሻ ላይ ገመዱና መቆንጠጫዎቹ ብቻ ይቀራሉ። እኔ የደረሰኝ ሰማያዊ በር ነበር። ይዤው ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። እስካሁንም ቤቴ አለ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የትኛው ሣጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ? ግጥሙን ብቻ ብታሳትመው ሁለት መስመር ነው። ፎቶዎቹን ብቻ ብትሰቅል ጥሩ የሰነድ ሥራ ነው። ሁለቱን ሰው ፊት ስታመጣቸው ግን እጃችን ላይ የሚቀር ነገር ይሆናሉ።

ካሜራው ለብቻው የራሱ ታሪክ አለው። ፎቶ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ነበር። የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ጉርድ ፎቶ፣ የሙሽራ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ እያነሱ የከተማውን ፊት አስቀምጠውልናል። ፎቶ ራሱን ችሎ እንዲታይ ትልቅ በር የከፈተው «አዲስ ፎቶ ፌስት» ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 መሠረተችው። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ፎቶ አንሺዎች ሥራ ከእኛዎቹ ጎን ተሰቅሎ ያየነው እዚያ ነው።

ከመስመር መስመር መሻገር አንዳንዴ በምርጫ እንኳ አይደለም። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ነው የተማረው። የዘይት ቀለሙ አለርጂ ሆነበትና ወደ ፎቶ ዞረ። ዛሬ የምትለዋወጠውን አዲስ አበባ ከመዘገቡልን ዓይኖች አንዱ እሱ ነው። ፎቶዎቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሠዓሊው እዚያ ውስጥ እንዳለ ይገባዋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ገንዘቡ ነው ብዙውን የሚያስረዳው።

የግጥም መጽሐፍ የሚያሳትመው አብዛኛውን ጊዜ ገጣሚው ራሱ ነው። ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፣ መጽሐፉን በካርቶን ተሸክሞ ቤቱ ያስገባል፣ ምረቃ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ሽያጭ ያኔ ነው። የቀረውን ለመጻሕፍት መደብርና ለአዟሪ በአደራ ይሰጣል። ካሜራ ያለው ገጣሚ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ያነሳል። በሥራ ቀን ለእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ፎቶ ያነሳል። መድረኩ ደግሞ የሚያስገኘው የበር ገቢ ነው፤ ከሙዚቀኛና ከድምፅ ኪራይ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ግን ሰው የሚያውቅህ እዚያ ነው። መጽሐፉን የሚገዛህ፣ ሰርጉን የሚያስነሳህ እዚያ ያየህ ሰው ነው። ስለዚህ «አንዱን ያዢ» የሚለው ምክር በኑሮም ስሌት አያዋጣም። አንዱን እግር ብትቆርጡት ሌሎቹ ሁለቱ ይወድቃሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ጠንክሯል። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሌንሱም፣ የማተሚያ ቀለሙም። ሌንስ የተሰበረበት ፎቶ አንሺ ያው ተጠግኖ እንዲሠራለት ይለምናል እንጂ አዲስ አይገዛም።

ሕጉም ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥሟ ዕድሜዋን ሙሉና ካረፈች በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለፎቶዋ ጥበቃው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በክዋኔው ላይ ያላት መብት ደግሞ የሚቆጠረው ለብቻው ነው፤ 50 ዓመት። አንድ ምሽት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ ሦስት ሰዓት ቆጣሪ። በ28 ዓመቷ ያነሳችው በር በ53 ዓመቷ ከጥበቃ ውጭ ይሆናል። ግጥሙ ግን ገና የእሷ ነው። ይህ የሕግ ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ አዳራሽ «ምሽቱን እንቅረጸው» ሲላት የምትፈርመው ወረቀት ሦስቱን ለይቶ ካልጻፈ በአንድ ፊርማ ሦስቱንም ልታስረክብ ትችላለች። ለወጣቶቹ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፦ ግጥሙን፣ ፎቶውን፣ ቀረጻውን ለየብቻ ጻፉት። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡት አብዛኞቹ የውጭ የባህል ተቋማት ናቸው። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ጀርመኖቹና ፈረንሳዮቹ በራቸውን ባይከፍቱ ብዙ ሥራ አናይም ነበር። ማመልከቻው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የምትገጥም ሴት ግጥሟ ለምን እንደሚጠቅም በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ሰሙና ወርቁ እዚያ ወረቀት ላይ አይገባም። የሚገባው «ፕሮጀክት» የሚባለው ነገር ነው። ጎበዝ ገጣሚ ሆኖ ማመልከቻ መጻፍ ያቃተውን ሰው አውቃለሁ። የተገላቢጦሹንም አውቃለሁ። የራሳችን ተቋማት በአማርኛ የሚያመለክቱበት ትንሽ ፈንድ እንኳ ቢያቋቁሙ ብዙ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቦታው ነው።

የዚህ ሙያ ካርታ በእግር የሚሄዱት ካርታ ነበር። ከብሔራዊ ቴአትር ይነሳሉ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አጠገቡ ነው፤ መጽሐፍ ምረቃ ካለ ጎራ ይባላል። ራስ ሆቴል ሁለት እርምጃ ነው። ቸርችል ጎዳናን ይዘው ሽቅብ ቢወጡ ፒያሳ ነው፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ጣይቱ ሆቴል፣ ፎቶ አጣቢዎች፣ ፍሬም ሠሪዎች። ከዚያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ ቡና ላይ ግጥም ለጓደኛ አንብቦ፣ ማታ መድረክ መውጣት ይቻል ነበር። በኪስ ውስጥ ያለው የታክሲ ብር ብቻ ቢሆን እንኳ።

ከዚህ ካርታ ላይ ቦታዎች ሲሰረዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዛምባ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳ ብዙ ሠፈር ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ተከተለች። ፈንድቃም ከነበረበት ግቢ ለቀቀ። ፈንድቃን ለማያውቅ፦ የአዝማሪ ቤት ነበር። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ያንን ቤት ወስዶ ባህሉን ሳይለቅ የሥዕል ማሳያ፣ የጃዝ፣ የግጥም ቤት አደረገው። ማሲንቆውን ለመስማት የመጣ ሰው ግድግዳው ላይ ሥዕል አይቶ ይወጣል። ሥዕል ሊያይ የመጣው ደግሞ እስክስታ ሲመታ ያመሻል። እኔ ዛሬ የምከራከርለት ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር እዚያ ነበር።

ከተማው መለወጥ የለበትም እያልኩ አይደለም። የፒያሳ ቤቶች ውስጥ የኖሩ ሰዎች ጣሪያው ያፈስባቸው እንደነበር፣ መጸዳጃ ለአሥር ቤተሰብ አንድ እንደነበር ያውቃሉ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ ብርሃን አለ፤ ይህ ለሴት ገጣሚ ከመድረክ ወጥታ በእግሯ ስትሄድ ትንሽ ነገር አይደለም። ትልልቅ ቦታዎችም ተሠርተዋል። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፈተ። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለቱም ያኮራሉ።

ግን ትልቅ አዳራሽ ትንሽ ክፍልን አይተካም። አዳራሽ የተጠናቀቀ ሥራ ይዘህ የምትገባበት ነው። ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ኪራይ ይጠይቃል፣ ስፖንሰር ይጠይቃል፣ የታወቀ ስም ይጠይቃል። ያልበሰለ ነገር ይዘህ የምትሞክርበት፣ ስንኝ መሀል ላይ የምትረሳበት፣ አርባ ሰው አይቶህ አሥሩ የሚመክርህ ቦታ ሌላ ነው። የልብስ ገመድና መቆንጠጫ ይዘህ አንድ ሺህ ወንበር ያለው አዳራሽ ብትገባ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለ ሰው ፎቶውን አያየውም። ሙያው የሚያድገው በትንሿ ክፍል ነው። እሷን ከዘለልን አዳራሹ የሚጋብዘው ሰው ከየት ይመጣል?

መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። በኮሪደሩ ዳርና ዳር በሚነሱት አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ቤት ከባንክና ከካፌ መሀል አርባ ሰው የምትይዝ አንዲት ክፍል ትኑር። በቀን ይከራይ፣ ኪራዩም አንድ ገጣሚ የሚችለው ይሁን። የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ማታ ለሁለት ሰዓት አንድ የንባብ ክፍል ይክፈቱ። ወመዘክር መጽሐፍ ሲታተም ቅጂ እንደሚረከብ ሁሉ የመድረክ ሥራዎችንም ቀረጻ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ አንድ መደርደሪያ ይኑረው። ካሜራ ይዞ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ሁሉ «ፈቃድ አለህ?» ብሎ ከማባረር በፊት ጥበቃው የሚያየው አንድ ግልጽ የተጻፈ መመሪያ ይኑር። የፎርሟም መስመር ትንሽ ትርዘም።

ወዳጄ በሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያቀረበችው ባለፈው በጋ ነው። ክፍል ፈልጋ አጣች። የጠየቀችው አንድ ቦታ የማትችለውን ዋጋ ጠራላት፤ ሌላው የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አላት። በመጨረሻ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እትዬ ግቢያቸውን ሰጧት። ገመዱ ከውሃ ጋኑ እስከ አጥሩ ተወጠረ። ድምፅ ማጉያ የለም። ወንበሮቹ የእድር ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሠላሳ አምስት ሰው መጣ። እትዬ ከፊት ተቀመጡ። ቡናማ በር ደረሳቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና «ይሄንን በር አውቀዋለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ወዳጄ ማንበቧን አቆመች። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ እትዬ ራሳቸው የቤቱን ሰዎች ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመሩ።

በሌሊት ወንበሮቹን አጣጥፈን ደረደርን። ሠፈሩ ውስጥ ለቅሶ ነበር፤ ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ጋ መድረስ ነበረባቸው።